የጀልባ ተራ በስግብግብ አልጎሪዝም፦ ከጣና ዳር የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሉት የጀልባ መነሻዎች በአንዱ ተራ የሚያስከብሩ ጎረቤት አሉኝ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። ጠዋት ጠዋት ደብተራቸውን ይዘው ይቆማሉ። ማን መቼ እንደሚነሳ፣ የትኛው ጀልባ የት ደርሶ እንደሚመለስ፣ ስንት ሰው እንደሚጫን ይጽፋሉ። ባለፈው ቡና ላይ ደብተሩን አገላብጬ ካየሁት በኋላ እጄ አላርፍ አለ። ይሄ እኮ ክፍል ውስጥ የተማርነው የድርደራ ችግር ነው፣ ያውም ሦስት አራቱ ተደራርበው፣ ከነገደባቸው።

«ጋሼ፣ ይሄን ነገር በኮምፒውተር ልሞክረው?»

«ሞክረው። ደብተሬን ግን አትነካብኝም።»

ገጹን በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ተስማማን። የምንደርስበት ቀንም አለ፤ የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት። ዘጌ ላይ ያለችው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ስለሆነ የዚያን ቀን መነሻው መቆሚያ የለውም። እስከዚያ የሆነ የሚረባ ነገር ከወጣ ጥሩ፣ ካልወጣም ኮድ መጻፍ አይጎዳም።

የማላውቀው ሰው ካነበበው፣ ስግብግብ አልጎሪዝም የምንለው ወደፊት የማያይ፣ የወሰነውንም ተመልሶ የማያፈርስ ዘዴ ነው። አንድ መስፈርት ይይዛል፣ ፊቱ ካሉት ውስጥ በዚያ መስፈርት የተሻለውን ያነሳል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። አለቀ። ፈጣን ነው፣ ኮዱም አጭር ነው። ጣጣው ያለው መስፈርቱ ላይ ነው። አንዱ መስፈርት ሁልጊዜ ምርጡን መልስ ይሰጣል፣ ሌላው ምርጡን የሚሰጥ መስሎ ጉድ ይሠራል፣ ሁለቱን በዓይን መለየት ደግሞ ከባድ ነው።

ኮድ ከመጀመሬ በፊት ሰዓቱን ቀየርኩት። ደብተሩ ላይ ያለው የኛ ሰዓት ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ከ1 ሰዓት ይቀድማል። ኮምፒውተሩ የሚያየው ቁጥር ብቻ ስለሆነ 12ን ወስዶ ከሁሉም ኋላ ይወሽቀዋል። ስለዚህ ሁሉንም ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በሚቆጠር ደቂቃ ተካሁት፤ 12፡00 ዜሮ ሆነ፣ 12፡30 ሠላሳ፣ 1፡00 ስድሳ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ስግብግብ አልጎሪዝም ውስጥ ድርደራው ከተበላሸ የቀረው ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው።

ለመሞከሪያ ከደብተሩ ያሳጠርኩት ዝርዝር ይሄ ነው፦

ሀ፦ ዘጌ፣ 12፡00 ሄዶ 4፡00 መመለስ
ለ፦ እንጦስ ኢየሱስ፣ 12፡30 – 2፡00
ሐ፦ ዘጌ፣ 1፡00 – 5፡00
መ፦ ደብረ ማርያም፣ 2፡00 – 3፡30
ሠ፦ ክብራን ገብርኤል፣ 3፡30 – 5፡30
ረ፦ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት፣ 4፡30 – 6፡00

ማክሰኞ

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ይሄን ሁሉ ጉዞ ለማዳረስ ቢያንስ ስንት ጀልባ ያስፈልጋል?

መስፈርቱ የመነሻ ሰዓት ነው። ጉዞዎቹን በሚነሱበት ሰዓት ደርድር፣ አንድ በአንድ ያዝ፣ ተመልሶ የቆመ ጀልባ ካለ ለሱ ስጠው፣ ከሌለ አዲስ ጀልባ አስነሳ። ሀ የመጀመሪያውን ወሰደ፣ ለ ሁለተኛውን፣ ሐ ሦስተኛውን። መ ሲመጣ የለ ጀልባ 2፡00 ላይ ደርሷል፣ እሱን ያዘ። ሠ እንደገና ያንኑ፣ ረ ደግሞ ሀ የተመለሰበትን። ሦስት ጀልባ በቃ።

ደስ የሚለው ማረጋገጫው ነው። ሦስተኛውን ጀልባ ያስነሳሁት ሁለቱ በዚያች ደቂቃ ሐይቅ ላይ ስለነበሩ ነው። በዚያች ደቂቃ ሦስት ጉዞ በአንድ ጊዜ እየተካሄደ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ብልጥ፣ የትኛውም ኮምፒውተር በሁለት ጀልባ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ ይህ ዘዴ ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ የጀልባው ቁጥር በአንድ ጊዜ ከሚደራረቡት ጉዞዎች ትልቁ ቁጥር ጋር እኩል ይሆናል። ሌላ የሚፈለግ ነገር የለም።

ለጋሼ ስነግራቸው የጠየቁኝ ስለ ነዳጅ ነው። «ደርሶ ወዲያው ይነሳል ያለህ ማነው? ነዳጅ ይሞላል፣ ውስጡ ይጠረጋል።» ልክ ናቸው። ለእያንዳንዱ መመለሻ 15 ደቂቃ ጨመርኩ። ኮዱ ላይ አንድ ቁጥር መቀየር ነው፣ ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ለ የሚጨርሰው 2፡15 ስለሆነ፣ መ 2፡00 ላይ ሲመጣ ባዶ ጀልባ የለም፣ አራተኛ ይነሳል። በሩብ ሰዓት ምክንያት አንድ ሙሉ ጀልባ ከነካፒቴኑ!

እዚህ ጋ ትንሽ ተጫወትኩበት። መን ወደ 2፡15 ብገፋውስ? እሱ 3፡45 ይገባና ሠ 3፡30 ላይ ይጋጫል። ሠን ደግሞ ወደ 4፡00 ብገፋው ሁሉም ይገጥማል፣ በሦስት ጀልባ። አንዱን ደንበኛ ሩብ ሰዓት፣ ሌላውን ግማሽ ሰዓት ለምኖ ማቆየት አራተኛውን ጀልባ ያስቀራል። አልጎሪዝሙ ይሄን በራሱ አያደርግም፣ እሱ ሰዓቱን የተሰጠው ሕግ አድርጎ ነው የሚያየው። መለመን የጋሼ ሥራ ነው።

ረቡዕ ማታ፣ መብራት ከመጣ በኋላ

ጥያቄውን ገለበጥኩት። የጋሼ የወንድማቸው ልጅ አንድ ጀልባ ብቻ አለው። ከነዚህ ስድስት ጉዞዎች ሳይጋጩ ብዙ መውሰድ ቢፈልግ የትኞቹን ይምረጥ? (ከዚህ በኋላ የተስተካከለውን ሰዓትና የ15 ደቂቃውን ነዳጅ ይዤ ነው።)

መጀመሪያ የመጣውን መውሰድ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። ሀን ይዞ 12፡00 ይነሳል፣ 4፡00 ይመለሳል፣ ከዚያ ረ። ሁለት ጉዞ።

ቀድሞ የሚያልቀውን መውሰድስ? ለ 2፡00 ላይ ያልቃል፣ ቀጥሎ መ 3፡45፣ ቀጥሎ ሠ። ሦስት ጉዞ። አንድ ጀልባ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጉዞ ትርፍ።

አጭሩን ጉዞ ማስቀደምም ያጓጓል፤ እዚህ ዝርዝር ላይ እንኳ ለ፣ መ፣ ረ ብሎ ሦስት ያመጣል። ግን አጋጣሚ ነው። ከ1፡00 እስከ 3፡00 አንድ፣ ከ3፡15 እስከ 5፡00 ሌላ፣ መሃላቸው ላይ ከ2፡45 እስከ 3፡30 አጭር ጉዞ ቢመጣ፣ አጭሩን የያዘ ሁለቱን ያጣል።

ቀድሞ የሚያልቀው ለምን ሁልጊዜ ይሠራል ለሚል፦ አንተ የኔ ይበልጣል የምትለው ድርደራ አለህ እንበል። የመጀመሪያ ጉዞህን አውጥቼ በቦታው የኔን ላስገባ። የኔ ካንተ ቀድሞ ወይም እኩል ስለሚያልቅ ቀጣዮቹን አይነካብህም። ቁጥርህም አልቀነሰም። ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። እየተካሁ እየተካሁ ስጨርስ ድርደራህ የኔ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ስለዚህ አትበልጠኝም። ይሄን የመተካት ክርክር አንድ ጊዜ በደንብ የያዘ ሰው ለሌላውም ስግብግብ ዘዴ ይጠቀምበታል። መተካቱ የሆነ ቦታ ላይ እንቢ ካለ ዘዴው እዚያ ላይ ነው የሚሰበረው።

እንቢ የሚልበትን ለማየት ገንዘብ አስገባሁ። እስካሁን ሁሉም ጉዞ እኩል ነበር። ለሙከራ ሐ 5,000 ብር ይከፍላል፣ ሌሎቹ 1,500 ልበል። ቀድሞ የሚያልቀውን የወሰደው ሰውዬ ለ፣ መ፣ ሠ ብሎ 4,500 ይዞ ይገባል፤ ሐን ብቻ የወሰደው 5,000። ስለዚህ ውዱን እናስቀድም? ሐን ወደ 4,000 ዝቅ አድርጉት፤ አሁን ውዱን ያስቀደመው 4,000፣ ሌላው 4,500። በሁለቱም አቅጣጫ የሚያሸንፍ አንድ ቀላል መስፈርት የለም። ይሄ በዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ነው የሚፈታው፤ ለእያንዳንዱ ጉዞ «ብወስደው ስንት፣ ብተወው ስንት» እያሉ መዝግቦ ትልቁን መያዝ። አሥር መስመር ኮድ ነው፣ ጻፍኩት፣ ይሠራል። ግን መነሻው ላይ ቆሞ በቃል የሚያሰላው ሰው የለም። ይሄ ነጥብ ኋላ ላይ ስለሚመጣ ያዙልኝ።

ሐሙስ

ዛሬ ጭነት ነው፣ ዋናው ራስ ምታት እሱ ነው።

አንድ ጀልባ ስንት ሰው ይይዛል ብዬ ስጠይቅ ጋሼ አግዳሚ ወንበሩን አልቆጠሩም። «ጃኬቱን ቁጠር» አሉኝ። የሕይወት አድን ጃኬቱ 10 ከሆነ ሰዉም 10 ነው፣ ወንበሩ 14 ቢያስቀምጥም። ሁለተኛው ገደብ፦ አብሮ የመጣ ቡድን አይከፈልም። እናትን በአንዱ፣ ልጅን በሌላው ጭነህ ወደ ደሴት መላክ የለም።

ቡድኖቹ በመጡበት ቅደም ተከተል 4፣ 3፣ 6፣ 5፣ 7፣ 5 ናቸው እንበል። በድምሩ 30 ሰው፣ ስለዚህ ከሦስት ጀልባ በታች አይታሰብም። በመጡበት ተራ የመጀመሪያ የሚበቃቸው ጀልባ ውስጥ ላስገባቸው። 4 እና 3 አንደኛው ላይ። 6 እዚያ አይገባም፣ ሁለተኛ ጀልባ። 5 አንደኛውም ሁለተኛውም ላይ አይበቃም፣ ሦስተኛ። 7 የትም አይገባም፣ አራተኛ። የመጨረሻው 5 ሦስተኛው ላይ። አራት ጀልባ፣ ከ40 ጃኬት አሥሩ ያለ ሰው።

አሁን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድረህ ያንኑ አድርግ፦ 7፣ 6፣ 5፣ 5፣ 4፣ 3። 7 አንደኛው፣ 6 ሁለተኛው፣ ሁለቱ 5 ሦስተኛው ላይ ሞሉ። 4 ከ6 ጋር፣ 3 ከ7 ጋር። ሦስት ጀልባ፣ አንድ ጃኬት ሳይተርፍ። ትልልቁን አስቀድሞ ማስቀመጥ፣ ትንንሹን ክፍተት መሙያ ማድረግ። ዕቃ የጫነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ግን ይሄኛው እንደ ማክሰኞው የተረጋገጠ ምርጥ አይደለም። ቡድኖቹን 4፣ 4፣ 3፣ 3፣ 3፣ 3 አድርጓቸው። ዘዴው ሁለቱን 4 አንድ ላይ ጭኖ 8 ያደርጋል፣ 3 አይገባም። ቀጥሎ 3፣ 3፣ 3። የመጨረሻው 3 ብቻውን ሦስተኛ ጀልባ ይጠይቃል። 4 ከ3 እና ከ3 ጋር ቢሄድ ኖሮ ሁለት ጀልባ ሙሉ ለሙሉ ይበቃ ነበር። ሁለቱን 4 አንድ ላይ የማስቀመጥ ውሳኔ አንዴ ከተወሰነ ወዲያ ማዳኛ የለውም። ስግብግብነቱ እዚህ ላይ ያስከፍላል።

ምን ያህል ያስከፍላል ለሚለው ደግሞ ሒሳቡ ተሠርቶ አልቋል። ዴቪድ ጆንሰን በ1973 በመመረቂያ ጽሑፉ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ መጫን ከምርጡ 11/9 እጥፍ ላይ አንዲት ትንሽ ቋሚ ቁጥር ተጨምራ ከሚመጣው እንደማይበልጥ አሳየ፤ ያቺን የምትጨመረውን ቁጥር ደግሞ ጆርጅ ዶሻ በ2007 እስከ 6/9 አጥብቆ ዘጋት። በኛ ቋንቋ፣ ምርጡ ድርደራ 9 ጀልባ ቢሆን ይሄ ዘዴ ከ11 አያልፍም። ሰው በመጣበት ተራ የሚጭነው ግን እስከ 1.7 እጥፍ ሊሄድ ይችላል፣ ለ9 ጀልባ እስከ 15 ማለት ነው። ይሄ ክፉ ቀን ላይ ነው፣ በአብዛኛው ሁለቱም ከዚህ ይሻላሉ።

ማታ ላይ ሱቅ መልስ ስቀበል አንድ ነገር መጣልኝ። ከ10 ብር ጀምሮ ያሉት የብር ኖቶቻችን 10፣ 50፣ 100፣ 200 ናቸው፤ እያንዳንዱ ከሱ በላይ ያለውን በትክክል ያካፍላል። ስለዚህ ባለ ሱቁ ከትልቁ ጀምሮ እየቀነሰ ሲሰጥ ሁልጊዜ በትንሹ የኖት ቁጥር ነው የሚሰጠው። ሳንቲሙ ግን እንደዚያ አይደለም። 25 ለ10 አይካፈልም። 40 ሳንቲም ስጥ ቢባልና አምስት ሳንቲም ባይኖር፣ ከትልቁ የጀመረ ሰው 25 ሰጥቶ፣ 10 ጨምሮ፣ 5 ላይ ይቆማል፤ አራት አሥር ሳንቲም መስጠት እየቻለ። መካፈል ካለ ስግብግብነት አይጎዳም። ጀልባው ላይም ያው ነው፤ ጃኬቱ 8 ቢሆንና ቡድኖቹ 2፣ 4 እና 8 ብቻ ቢሆኑ ከትልቅ ወደ ትንሽ መጫን ሁልጊዜ ምርጡን ይሰጣል። ክፍተቱ ከመጪው ቡድን ጋር ምንጊዜም ይገጥማላ። 10 ጃኬት ላይ 4 እና 3 ሲቀላቀሉ ነው ነገር የሚበላሸው።

ዓርብ ጠዋት፣ መነሻው ላይ

ላፕቶፑን ቤት ትቼ በወረቀት ሄድኩ። ጋሼ አንድ ቡድን ሲመጣ ደብተራቸው ላይ በሰዉ ቁጥር ልክ ጭረት ያሰምራሉ፤ አምስተኛዋን ጭረት በአራቱ ላይ አግድም ነው የሚስቧት። ጃኬት ሲሰጥ ጭረቶቹን ይከቡባቸዋል፤ ጀልባው ሲነሳ ክቡ ላይ መስመር ይወርዳል። በአንድ ገጽ ላይ ማን እንደመጣ፣ ማን ጃኬት እንደያዘ፣ ማን ሐይቅ ላይ እንዳለ በአንድ እይታ ይታያል። እኔ ይሄን ለማሳየት ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ሠርቼ ነበር። ጣልኩት፣ የሳቸውን ጭረት ወሰድኩ።

የጭነቱን ዘዴ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ሰባቱ ኋላ መጥተው ፊት ሊገቡ? አራቱ ዓይናቸው እያየ? ሰው ያንጫጫብኛል የኔ ልጅ። እኔ ስሜ ተራ አስከባሪ ነው።»

ይሄ መጽሐፍ ላይ የማይጻፍ ገደብ ነው፣ ግን ከጃኬቱ አያንስም። ተራ ከተጣሰ ነገ ማንም አይሰለፍም። ጀልባ ማትረፍና ተራ መጠበቅ ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ ደርድረህ ጫን ይላል፣ ሌላው አትደርድር ይላል።

መሃል ላይ ያለውን ሞከርን። በየሩብ ሰዓቱ የመጡት አንድ ዙር ናቸው። ዙር ከዙር አይቀዳደምም፣ በአንድ ዙር ውስጥ ግን ትልቁ ቡድን ይቀድማል። ያልሞላ ጀልባ ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል። የትናንቱን ቁጥር እዚያው ጭረት አድርገን አየነው። አንደኛ ዙር 4፣ 3፣ 6፤ ሁለተኛ ዙር 5፣ 7፣ 5። አንደኛው ዙር 6 እና 4 ብሎ አንድ ጀልባ ይሞላል፣ ወዲያው ይነሳል። 3 ሁለተኛው ጀልባ ላይ ይጠብቃል። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ 7 ከ3 ጋር ገብቶ ይሞላል፣ ሁለቱ 5 ሦስተኛው ላይ። ሦስት ጀልባ! ማንም ከራሱ ዙር ውጪ አልተቀደመም፣ የተጎዱት ሦስቱ ሰዎች ናቸው፣ እነሱም ሩብ ሰዓት ያህል።

ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም፤ ዙሩ ሲያጥር ወደ ተራው ያደላል፣ ሲረዝም ወደ ጀልባ ቁጠባው። ሩብ ሰዓት ያሉት ጋሼ ናቸው፣ «ሰው ከዚያ በላይ አይታገስም» ብለው። እኔ ከሳቸው የተሻለ ቁጥር የለኝም።

ቅዳሜ

የመነሻ ቅደም ተከተል። ዘጌ ማራገፊያው ላይ ጀልባ ተከታትሎ ከደረሰ ኋለኛው የፊተኛውን መውረድ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለት የዘጌ ጀልባ ተከታትሎ ባይነሳ ይመረጣል። በተከታታይ የመነሻ ቦታዎች ላይ አንድ ዓይነት መዳረሻ ጎን ለጎን እንዳይሆን መደርደር ማለት ነው።

ዘጌ 3፣ እንጦስ 2፣ ደብረ ማርያም 1 አለህ እንበል። ዝም ብለህ «ካለፈው የተለየ ማንኛውንም» ካልክ እንጦስ፣ ደብረ ማርያም፣ እንጦስ፣ ዘጌ... ከዚያ የቀረህ ዘጌ፣ ዘጌ ነው። ወፍ የለም። መስፈርቱ «ካለፈው ከተለየው ውስጥ ብዙ የቀረውን» መሆን አለበት፦ ዘጌ፣ እንጦስ፣ ዘጌ፣ እንጦስ፣ ዘጌ፣ ደብረ ማርያም። የሚያስቸግረውን ገና ቦታ ሳለ ማሳለፍ።

መቼ እንደማይቻልም አስቀድሞ ይታወቃል። የአንዱ መዳረሻ ቁጥር ከጠቅላላው ግማሽ፣ ጠቅላላው ጎዶሎ ከሆነ ወደ ላይ ተጠጋግቶ፣ ከበለጠ በቃ አይቻልም። ከ9 ጀልባ 5 ዘጌ ቢሆን ይቻላል፣ 6 ከሆነ አይቻልም። ካልበለጠ ደግሞ ከላይ ያለው መስፈርት ሁልጊዜ መንገድ ያገኛል። እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ነገር እወዳለሁ፤ ኮዱ ገና ሳይጀምር «ተው» ማለት ይችላል።

ክፍተቱን ከፍ አድርገን በሁለት የዘጌ ጀልባ መሃል ቢያንስ ሁለት ሌላ ይለፍ ብንልስ? ዘጌ 4፣ እንጦስ 2፣ ደብረ ማርያም 1 ሲሆኑ ጉዞው 7 ነው፣ ግን 10 የመነሻ ቦታ ይፈልጋል። ከአራቱ ዘጌ ሦስቱ እያንዳንዳቸው ከኋላቸው ካሉት ሁለት ቦታዎች ጋር ሦስት ሦስት ይይዛሉ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ የመጨረሻው ዘጌ አንድ። ሦስቱ ቦታ ባዶ ይቀራል፣ ማለትም ማንም ሳይነሳ ይታለፋል። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ሳቁ። ባዶ ቦታ የሚባል ነገር እሳቸው ጋ የለም። አንድ መሃል ላይ ይበቃል ተባብለን ተውነው።

ከዚያ የክብራን ነገር መጣ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ ሴቶች ያሉበት ቡድን ቅርብ ወዳለው እንጦስ ኢየሱስ ይሄዳል። ለተሳፋሪው ችግር የለውም፣ ሲመዘገቡ ይጠየቃሉ። የሚያስቸግረው አስጎብኚ ሲመደብ ነው። ሁለት አስጎብኚ ቁጭ ብለዋል እንበል፣ አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። መጀመሪያ የዘጌ ቡድን መጣ፣ ወንዱ ፊት ስለሆነ ተሰጠው። ቀጥሎ የክብራን ቡድን ሲመጣ የቀረችው እሷ ናት፣ እሷ ደግሞ ደሴቱን አትረግጥም። ሁለት ሥራ፣ ሁለት ሰው፣ አንዱ ሥራ ግን ወደቀ።

እዚህ ላይ የሚረዳው ምርጫው የጠበበውን ማስቀደም ነው። ክብራን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚችለው፣ ዘጌን ሁለቱም። ክብራንን አስቀድመህ መድብ፣ ዘጌ አይጠፋበትም። በትንሽ ቁጥር በጣም ጥሩ ይሠራል፣ በትልቅ ቁጥር ግን ዋስትና የለውም፤ እዚያ ላይ የተሰጠውን ሰው «አንተ ወደዚያ ዙርና ለዚህ ቦታ ልቀቅ» እያለ እየለዋወጠ የሚሄድ የማዛመድ አልጎሪዝም አለ፣ እሱ ትክክል ነው። መነሻው ላይ የሚቀመጡት አስጎብኚዎች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ አልገባሁበትም።

እሁድ

ሙከራ ብቻ። ኮዱ በዘፈቀደ ትንንሽ ዝርዝር እየፈጠረ የስግብግቡን መልስ ሁሉንም መንገድ ሞክሮ ከሚያገኘው ጋር ያወዳድራል። ስድስት ቡድን በ720 ቅደም ተከተል ይደረደራል፣ ይሄ ለኮምፒውተር ምንም ነው። አሥር ቡድን ግን 3,628,800 ይሆናል፣ ላፕቶፔ መንፋት ይጀምራል። ስለዚህ ትንሽ ዝርዝር፣ ብዙ ጊዜ። የማክሰኞው፣ የረቡዕ ቀድሞ የሚያልቀውን የመውሰዱና የቅዳሜው የመነሻ ቅደም ተከተል ሒሳቡ እንዳለው ከምርጡ ጋር እኩል መጡ። ጭነቱ አልፎ አልፎ አንድ ጀልባ ይበልጣል፣ የሚበልጥባቸውን ሳያቸው እንደ 4 እና 3 ድብልቅ ያሉ ናቸው።

ጭነቱን ፍጹም የሚያደርግ ኮድ ልጻፍ ወይ ብዬ አሰብኩ፣ ይቻላል። ተውኩት። ምክንያቴ ሰነፍ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ጋሼ «በየዙሩ ትልቁ ቡድን ይቀድማል» ብለው ለተቆጣ ሰው መመለስ ይችላሉ፤ ሰውዬውም ቆጥሮ ያረጋግጣል። «ኮምፒውተሩ እንዲህ አለ» ብለው ግን መመለስ አይችሉም፣ ቢመልሱም የሚሰማቸው የለም። አልፎ አልፎ አንድ ጀልባ የሚያስከፍል ነገር ግን ሰው ፊት ቆሞ የሚሟገት ሕግ፣ እኔ ያንን እመርጣለሁ። የረቡዕን የገንዘቡን ሥራ ግን ማታ ቤት ቁጭ ብሎ በኮድ ማውጣት ይሻላል፣ እዚያ የሚያንጫጫ ሰልፈኛ የለም።

ለየካቲት 16 ያለውን ስናይ የቅዳሜው ሕግ ይወድቃል። የዚያን ቀን ጀልባው ከሞላ ጎደል ሁሉ ዘጌ ነው፣ ከግማሽ በላይ። አይቻልም ካለ አይቻልም፣ ስለዚህ ለዚያ ቀን ገደቡን አንስተን በምትኩ በሁለት መነሻ መሃል ቋሚ ደቂቃ አስገባን። የዙሩ ሕግና የጃኬቱ ሕግ ይቀጥላሉ።

የቀረው የመልስ ጉዞው ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፣ ካፒቴኖቹም ከዚያ በፊት መግባት ይፈልጋሉ፤ ተሳፋሪው ደግሞ አንዱ አውቶቡስ አለበት፣ ሌላው አውሮፕላን፣ ሌላው ምንም የለበትም። አንድ ጀልባ እየተመላለሰ የሚያመጣቸው ከሆነ የጊዜ ገደቡ የቀረበውን ቡድን ማስቀደም ከሁሉም የሚያረፍደውን ሰው መዘግየት እስከሚቻለው ያሳንሳል። ይሄም በመተካት ክርክር ይረጋገጣል፣ ጃክሰን በ1955 ያወጣው ነው። የሚፈለገው ሰዉ ሲሄድ «ስንት ሰዓት መመለስ አለባችሁ?» ተብሎ ጭረቱ አጠገብ መጻፉ ብቻ ነው። ጋሼ ለዚያ የሚሆን ቦታ ገጹ ጠርዝ ላይ አለ ብለዋል፤ ነገ ጠዋት መስመር እናሰምርበታለን።